ሯጩ ኢሞጂ፦ የትኛውን እንላክ? ከየትስ እናውጣው?

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ የምንሮጥ ጥቂት ጓደኛሞች አለን። «የምንሮጥ» ስል ግማሹን መንገድ እያወራን በእግራችን ነው የምንሄደው፤ የግሩፑ ስም ግን «ሩጫ» ነው። አንድ ዓርብ ማታ በአዲሱ ስልኬ «ነገ 12 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩና መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የምትሮጥ ሴት ኢሞጂ ጨመርኩ። እኔ ስልክ ላይ በጣም ታምራለች። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጓደኛችን «የሴቶች መጸዳጃ በቀኝ በኩል መሆኑን ስለነገርከን እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ።

ቀልዱ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ስልኩን ሲያሳየኝ እውነቱን ነው። አንድ ሯጭ፣ ከሱ ቀጥሎ የሴት ምልክት፣ ከሱ ቀጥሎ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት። የኔ ቆንጆ ሯጭ ሦስት ቦታ ተበታትናለች።

ከዚያ ወዲህ ይችን ትንሽ ነገር ሳጠና ከረምኩ። የደረስኩበትን ከፊት ልንገራችሁ። ሯጭ ስትመርጡ የራሳችሁን ስልክ ሳይሆን የሚቀበላችሁን ሰው ስልክ አስቡ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ሥዕል አይደለም የሚላከው

ሯጭ ስትልኩ ስልካችሁ ሥዕል አይልክም። የሚልከው ቁጥር ነው። የሯጩ ቁጥር 127939 ነው። ተቀባዩ ስልክ ቁጥሩን ያይና ከራሱ ጓዳ የራሱን ሥዕል ያወጣል። ለዚህ ነው አይፎን ላይ ያያችሁት ሯጭ ሳምሰንግ ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ የሚመጣው። ዋትስአፕ ደግሞ አንድሮይድ ላይ የራሱን ሥዕሎች ይዞ ይዞራል። ቴሌግራም አንድሮይድ ላይ ሆኖም የአይፎኑን ዓይነት ያሳያል። ስለዚህ «ሰማያዊ ቲሸርት የለበሰው ሯጭ» ብላችሁ ለሰው ብትናገሩ ላትግባቡ ትችላላችሁ።

ይህ ተራ ሯጭ 🏃 ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ2010 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ኢሞጂ በዋናነት የጃፓን የስልክ ኩባንያዎች ጉዳይ ነበር። በ2015 የቆዳ ቀለም መጣ። በ2016 ወንድና ሴት ተለዩ። በ2023 ወደ ቀኝ የሚሮጥ ተፈቀደ፤ አይፎን ላይ የደረሰው በማርች 2024 ከአይኦኤስ 17.4 ጋር ነው። ተራው ሯጭ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ የሚፈርስ ነገር የለውም። ሌሎቹ ግን ቅጥያ ናቸው። ሴቷ ሯጭ ማለት ተራው ሯጭ፣ የማይታይ ማያያዣና የሴት ምልክት አንድ ላይ ማለት ነው። ወደ ቀኝ የምትሮጠው ላይ ደግሞ ሌላ ማያያዣና ቀስት ይጨመራል። ስልኩ ቅጥያውን ካላወቀው ፈትቶ ይደረድረዋል። ያኔ የመጸዳጃ ቤት ምልክት ይሆናል።

ሴት ወይስ ወንድ ወይስ ዝም?

እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምርጫ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ግሱ ሥራውን ጨርሶታል። «ሮጠች» ካልኩ በኋላ የሴት ምልክት መጨመር ሻይ ላይ ማር ጨምሮ ስኳር መድገም ነው። «ሮጡ» ስል ደግሞ ብዙ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ የማከብራቸው ሰውም። ያን ጊዜ ፆታው ያልታወቀው ተራ ሯጭ ልክ እንደ «እርስዎ» ይሠራል። ማንንም አይለይም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ተራው ሯጭ «ፆታ የለውም» ቢባልም ድሮ ብዙ ስልኮች ላይ የሚሣለው ወንድ ሆኖ ነበር። አፕል ወንድም ሴትም ሊባል የሚችል መልክ የሰጠው በ2019 መጨረሻ ገደማ ነው። የድሮ ስልክ ያላት እህታችሁ ለሷ የላካችሁትን ተራ ሯጭ ወንድ አድርጋ ልታየው ትችላለች።

ታዲያ ሴቷ ሯጭ መቼ ትሻላለች? ግስ በሌለበት ቦታ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን 2:11:53 በሆነ ሰዓት ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ሰው ሁሉ የለጠፈው ስምና ኢሞጂ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ሴቷ ሯጭ ታምራለች። ደግሞም ከ2016 ወዲህ ብዙ ጊዜ ስላለፈ ዛሬ በሰው እጅ ያለው ስማርት ስልክ አብዛኛው ያውቃታል። ሥጋቱ ትንሽ ነው።

የቆዳው ቀለም

አምስት ቀለም አለ። መነሻው ሐኪሞች ለቆዳ የሚጠቀሙበት የ1975 መለኪያ ነው። መለኪያው ስድስት ደረጃ አለው፤ ለኢሞጂ ሲመጣ ሁለቱ በጣም ቀያዮቹ አንድ ላይ ተጨፍልቀው አምስት ሆነ። ካልመረጣችሁ ሯጩ ቢጫ ነው።

እኔ ለአትሌቶቻችን ደስታ ስለጥፍ ቀለሙን እመርጣለሁ። ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲገባ ቢጫ ሰው መላክ አላስቻለኝም። ለተራ የቀጠሮ መልእክት ግን ቢጫው በቂ ነው። ስልኩ ቀለሙን ካላወቀ ሯጩን ቢጫ አድርጎ ከጎኑ አንድ ባለቀለም አራት ማዕዘን ይደረድርበታል። አያስከፋም፤ ግን ቀለም ቀቢ የፈለጋችሁ ያስመስላል።

በነገራችን ላይ አበበ ቢቂላን ለማክበር ባዶ እግሩን የሚሮጥ ኢሞጂ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሮም 1960ን የሚያስታውስ ሰው ሯጩንና የእግር ኢሞጂን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ የተሻለ መላ የለውም።

ግራና ቀኝ፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው

ተራው ሯጭ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ፊቱ ወደ ግራ ነው። አማርኛ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሯጫችን ሁልጊዜ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይመለሳል። «🏃 ወደ ቤት» ብላችሁ ስትጽፉ ሰውየው ቤቱን ጥሎ እየሸሸ ነው።

ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ቀኝ የሚሮጠውን አዲሱን መጠቀም ነው። የተቀባዩ ስልክ አዲስ መሆኑን ካወቃችሁ ጥሩ። ካላወቃችሁ ሯጩና ቀስቱ ይለያያሉ፤ ያኔ ሯጩ ወደ ግራ፣ ቀስቱ ወደ ቀኝ። ሰውየው መንገድ የጠፋበት ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ የኔ ምርጫ ነው። ቦታውን ቀይሩ። የሚሮጥበትን ነገር በግራ፣ ሯጩን በቀኝ አድርጉ፦ 🏠🏃። በቃ፣ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው። አዲስ ስልክ አይጠይቅም፣ የሚፈርስ ነገርም የለውም። አውቶቡስ ሊያመልጠው ያለ ሰው ከሆነም እንዲሁ፦ 🚌🏃። «እግሬ አውጪኝ» ለማለት ደግሞ አቧራውን ከኋላው አድርጉለት፦ 🏃💨። እዚህ ላይ የግራው ፊት በትክክል ቦታውን አግኝቷል።

እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን በዕብራይስጥ ሲጽፉ ይህ ችግር የለባቸውም። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ ያው ሯጭ ወደ ፊት ይሮጣል። ባሕረ ሰላጤው አገር ሆነው በዓረብኛ ለሚጽፉም እንደዚያው ነው። ግን ኢሞጂ እንደ ቅንፍ ከጽሑፉ ጋር አብሮ አይገለበጥም። አማርኛም ዕብራይስጥም የሚቀላቅል ግሩፕ ውስጥ አንዱ ሯጭ ለአንዱ መስመር የሚመጣ፣ ለሌላው የሚሸሽ ሆኖ ይቀራል።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ከላካችሁ

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ የፊደል ብዛት አያሳስብም። በተለመደው የጽሑፍ መልእክት ግን ያሳስባል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አማርኛ ሲገባበት 70 ይሆናል። ኢሞጂም ልክ እንደ አማርኛ ወደ 70 ያወርደዋል።

ስለዚህ አማርኛን በአማርኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ኢሞጂው አዲስ ቅጣት አያመጣም፤ ቀድሞውኑ 70 ላይ ነን። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው ግን አንዲት ሯጭ በመጨመሩ ብቻ ከግማሽ በላይ ቦታውን ያጣል። እንዲያውም ይገባዋል እላለሁ፤ ያን ዓይነት ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔን ያመኛል።

ሯጮቹም ዋጋቸው እኩል አይደለም። ተራው ሯጭ የ2 ፊደል ቦታ ይወስዳል። ቀለም ሲጨመር 4። ሴቷ ያለ ቀለም 5፣ ከነቀለሟ 7። ቀለም ያላት ወደ ቀኝ የምትሮጥ ሴት 10 ትወስዳለች። ከ70 ላይ 10! መልእክቱ 65 ፊደል ከነበረ እሷን ስትጨምሩ ለሁለት ይከፈልና የሁለት መልእክት ሒሳብ ነው። በተራው ሯጭ ግን በአንዱ ያልቃል። በቁልፍ ስልክ ለሚቀበል ሰው ግን ማንኛውም ሯጭ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊደርስ ስለሚችል «እየሮጥኩ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ከስልክ ማውጣት

አንድሮይድ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው የጉግልን ኪቦርድ፣ ጂቦርድን ነው። የፈገግታ ምልክቷን ነክታችሁ መፈለጊያው ላይ ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ «ረን» ብላችሁ ጻፉ። ሯጩን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት የቀለምና የፆታ ምርጫው ይዘረጋል። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች የኢሞጂ ቁልፍ የላቸውም፤ ያኔ በሉል ምልክቷ ወደ ሌላ ኪቦርድ ተሻግራችሁ መመለስ ነው። ይሰለቻል፣ ግን አንዴ ብቻ ነው። ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሯጩ «በቅርቡ» የሚለው ገጽ ላይ ከፊት ይቀመጣል።

አይፎን ላይም ከ2020 ጀምሮ መፈለጊያ አለ። ቀለሙ እንዲሁ ጫን በማድረግ ነው።

ደጋግሞ ለሚልክ ሰው ግን ከሁለቱም የሚሻል ነገር አለ፤ አቋራጭ ማበጀት። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ ኪቦርድ፣ ከዚያ ቴክስት ሪፕሌስመንት። ከላይ ሯጩን፣ ከታች «ሯሯ» የሚል አስገቡ። ከዚያ በኋላ «ሯሯ» ብላችሁ ስፔስ ስትነኩ ሯጩ ይመጣል። ከሌላ ቦታ አውርዳችሁ በጫናችሁት ኪቦርድ ላይ ግን ላይሠራ ይችላል። ጂቦርድ ላይ ዲክሽነሪ የሚለው ውስጥ የግል መዝገበ ቃላት አለ፤ ሯጩን እንደ ቃል፣ «ሯሯ»ን እንደ አቋራጭ መዝግቡ። እዚህ ራሱ አይተካም፤ ከላይ በሚመጣው ሐሳብ መስጫ ላይ ሯጩን ትነኩታላችሁ። ሁለቱን ሳወዳድር የአይፎኑ ይፈጥናል፣ የጂቦርዱ ግን ሳላስበው አይተካብኝም። «ሯጭ» የሚለውን ራሱን አቋራጭ አታድርጉት። ስለ አትሌቲክስ መጻፍ በፈለጋችሁ ቁጥር ኢሞጂ ሲዘንብባችሁ ይውላል። በራሴ ደርሷል።

ከኮምፒውተር ማውጣት

ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ነጥቧን ንኩ። የኢሞጂ ሰሌዳ ይከፈታል። ነጥቧ እምቢ ካለች ነጠላ ሠረዝና ነጥብ ያለባትን የእንግሊዝኛ ቁልፍ (;) ሞክሩ፤ ሥራቸው አንድ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆናችሁ ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ብትመለሱ ይሻላል። ማክ ላይ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ስፔስ አንድ ላይ ናቸው። ክሮምቡክ ላይ የመፈለጊያ ቁልፉ፣ ሺፍትና ስፔስ።

ማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ለሚጽፍ የቆየች ዘዴ አለች። የሯጩን የኮድ ቁጥር፣ ማለትም አንድ፣ ኤፍ፣ ሦስት፣ ሲ፣ ሦስት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳትነጣጥሉ ጻፉ። ከዚያ አልትን ይዛችሁ ኤክስን ንኩ። ጽሑፉ ወደ ሯጭ ይቀየራል። ጓደኛ ለማስደነቅ ጥሩ ነው፤ ለዕለት ሥራ ግን ሰሌዳው ይፈጥናል። ድረ ገጽ ለሚሠራ ደግሞ «🏃» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል።

የዋትስአፕና የቴሌግራም የኮምፒውተር ገጾች ላይ ሁለት ነጥብ (:) መትታችሁ የእንግሊዝኛውን «ረን» ስትጀምሩ ራሱ ያቀርብላችኋል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ፤ እጄ ከኪቦርዱ አይነሳም። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ስላክ የሚባለውን የሥራ መልእክት መለዋወጫ የሚጠቀሙ ዘመዶች «ረነር» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ነጥብ (:) ቢያደርጉ ይበቃቸዋል።

ኮፒ ፔስትስ? የትም ይሠራል። ግን ቅጥያዎቹን ሯጮች ስታጠፉ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ የማጥፊያ ቁልፉን አንዴ ስትነኩ ሙሉዋ ሴት አትጠፋም፤ የሴት ምልክቷ ብቻ ይነሳና ተራው ሯጭ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ሊያስፈልግ ይችላል።

ዊንዶውስን ካነሳን አይቀር፣ ለአትሌቶቻችን ሯጭና ባንዲራ አብራችሁ የምትልኩ ይህን እወቁ። ዊንዶውስ የአገር ባንዲራ ኢሞጂ የለውም። ክሮም ወይም ኤጅ ላይ የሚያነብ ሰው በባንዲራችን ፋንታ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኢ እና ቲን፣ ያያል። ፋየርፎክስ የራሱን ሥዕሎች ስለያዘ ያሳየዋል። ስልክ ላይ ችግር የለም።

ለማን እንደምትልኩ

የእኛ ትውልድ ሯጩን በዋናነት የሚጠቀመው ለመዋሸት ነው። ገና አልጋ ላይ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ሯጭ የሚጨምር ሰው ሁላችንም አለን። ጓደኛ ይህን ይረዳል። ትልቅ ሰው ግን ላይረዳ ይችላል።

አንድ ቀን ለአጎቴ ቀጠሮ አርፍጄ ሯጭና አቧራ ብቻ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ማነው የሚያባርርህ?»

«ኧረ ማንም የለም ጋሼ። እየመጣሁ ነው ለማለት ነው።»

«ታዲያ እየመጣሁ ነው አትልም? ልቤን አወለቅከው እኮ።»

ለትልቅ ሰው ከሆነ ቃሉን አስቀድሙ፣ ሯጩን አስከትሉ። ዓይኑ ለማያይና ስልኩ ጮክ ብሎ ለሚያነብለት ሰውም እንዲሁ ነው። ስልኩ የኢሞጂውን ስም ይናገራል። ስድስት ሯጭ ብትደረድሩ ያንኑ ስም ደጋግሞ እንዲሰማ ነው የምታስገድዱት።

ለግሩፕ ተራውን ቢጫ ሯጭ እልካለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰው ካለ አሥራ ሁለት ዓይነት ስልክ አለ። ስልኩን ለማውቀው አንድ ሰው ደስ ያለኝን እልካለሁ። ስቲከር የሚመርጡም አሉ። ቴሌግራም ላይ የሚንቀሳቀስ ሯጭ ያስቃል፤ ሥዕሉም ሁሉም ጋ አንድ ነው። ግን ዓረፍተ ነገር መሃል አይገባም፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቀንም ለመጫን ይዘገያል።

ሯጩን ለማሳተም ግን ኢሞጂውን ፈጽሞ አትላኩ። ከግሩፑ ጋር ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ስናሠራ ጽሑፉን ከነኢሞጂው በቴሌግራም ለማተሚያ ቤት ላክሁ። የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፊደል ሯጩን አያውቀውም ነበር፤ እኔም ናሙናውን ሳላይ «እሺ» አልኩ። ሯጩን በትልቁ ሥዕል አድርጌ፣ ዳራ በሌለው ምስል መላክ ነበረብኝ። ሃያ ቲሸርት ጀርባው ላይ ባዶ ሳጥን ታትሞበት መጣ። አሥር ኪሎ ሜትሩን ሳጥን ተሸክመን ሮጥን። አንዷ ሴትዮ ከኋላችን «እነዚህ የዕቃ አመላላሾች ናቸው?» ስትል ሰምቻለሁ።